ከከሰሉ ጋር የመጣው ባለ ትልልቅ ዓይን

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ ፉሪ የምትኖር የሁለት ልጆች እናት ናት። የባለቤቷ ታናሽ ወንድም የአይሱዙ ሹፌር ነው። ከዝዋይ ሲመለስ ልጆች መንገድ ዳር ይዘው የሚሸጡት ትንሽ እንስሳ አሳዘነውና ገዝቶ በካርቶን አመጣው። ዓይኑ ፊቱን ያክላል፣ ጆሮው የሌሊት ወፍ ይመስላል፣ ጅራቱ ከቁመቱ ይረዝማል። ቀን ይተኛል፣ ሲመሽ ከመጋረጃ መጋረጃ ይዘላል። አምስት ቀኑ ነው። የላም ወተት በሲሪንጅ እየሰጡት ነው። ቤቱ ሽንት ሽንት ሸቷል። ትናንት ማታ ትልቁን ልጅ ጣቱን ነከሰው። ጎረቤት "ጥርሱን በጥፍር መቁረጫ ቁረጡለት" አለ፤ ባልየው ደግሞ "መናገሻ ሱባ ወስደን እንልቀቀው" ይላል። "ምንድን ነው? ምን ላድርግ? አዝነን መግዛታችን ጥፋት ነው?" ስትል ጠይቃለች።

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት የልጁ ጣት። ሌላው ይደርሳል። የተነከሰበትን ቦታ በሚወርድ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቢው። ትናንት ታጥቧል ብትዪም ዛሬም እጠቢው። ከዚያ ሳትውይ ሳታድሪ ጤና ጣቢያ ውሰጂውና "የዱር እንስሳ ነው የነከሰው" ብለሽ በግልጽ ንገሪያቸው። የእብድ ውሻ በሽታ ስሙ ነው የውሻ እንጂ አጥቢ እንስሳን ሁሉ ይይዛል፣ ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ ደግሞ ማዳኛ የለውም። ያንቺ እንስሳ ታሟል እያልኩሽ አይደለም። ግን በማን እጅ እንዳለፈ፣ ካርቶን ውስጥ ከመግባቱ በፊት ከምን ጋር እንደዋለ አናውቅም። መርፌ ያስፈልጋል አያስፈልግም የሚለውን ሐኪም ይወስን፤ እኔ የእንስሳ ሐኪም ነኝ፣ በልጅሽ ጣት ላይ በጽሑፍ አልፈርድም።

አሁን ወደ እንግዳሽ። ድመት አይደለም፣ የጦጣ ግልገልም አይደለም። ጋላጎ ይባላል። ፈረንጆቹ ቡሽቤቢ ይሉታል፣ የጫካ ሕፃን እንደማለት፤ ሌሊት ሲጮህ የሕፃን ልቅሶ ስለሚመስል ነው። ከጦጣና ከዝንጀሮ ጋር የሩቅ ዘመዳሞች ናቸው፣ ከእኛም ጋር። በዝዋይ በኩል ከመጣ ጋላጎ ሴኔጋለንሲስ የሚባለው ይመስለኛል። ከሴኔጋል ጀምሮ እኛ ስምጥ ሸለቆ ድረስ ባለው የግራር አገር የሚኖር ነው። ወደ ቦረናና ወደ ኦጋዴን ደረቅ ቆላ ስትወርጂ ሌላ ዘመድ አለው። ያንቺኛው አድጎ ቢጨርስ ከ150 እስከ 300 ግራም ነው። ሩብ ኪሎ ቡና አስመዝነሽ በእጅሽ ያዥ። ሙሉ ሰውነቱ ይሄው ነው። ይህች ሩብ ኪሎ ከቆመችበት ሆና ከ2 ሜትር በላይ ወደ ላይ ትዘላለች፤ መጋረጃሽ ምን ያህል ቀላል ስፖርት እንደሆነላት አስቢው።

ሽንቱን በተመለከተ፣ እንስሳው ባለጌ ሆኖ አይደለም። ልብ ብለሽ አይተሽው ከሆነ መዳፉ ላይ ይሸናና እግሩን ያሽበታል። ሲዘል ቅርንጫፍ እንዲይዝለት ነው ይባላል፣ በዚያውም ሰፈሩን ምልክት ያደርግበታል። በረኪና ስታፈሺበት የራሱ ጠረን ይጠፋበታል፣ ስለዚህ እንደ አዲስ ይቀባል። ይህን ጠባይ ማንም አሠልጥኖ አያስተወውም። ከሰው ጋር ደግሞ ከ10 ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል። ልጆችሽ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ አንቺ መጋረጃ እያጠብሽ ማለት ነው።

የጎረቤትሽን ምክር ሳነብ ግን ሳቄ ጠፋ። እባክሽ ያንን ጥፍር መቁረጫ ከቤት አውጪው። የጋላጎ የታችኛው ፊት ጥርሶች ቀጭንና ተደርድረው የተኙ ናቸው፣ ልክ እንደ ሚዶ። በእነሱ ነው ጸጉሩን የሚያበጥረው፣ በእነሱ ነው የግራር ሙጫ ከግንድ ላይ የሚፍቀው። ከተቆረጡ መብላትም መጽዳትም አይችልም፣ ቁስሉ ይመረቅዛል፣ ወደ ዱር የመመለስ ተስፋውም በዚያው ያልቃል። ይሄ ግምት አይደለም። የጋላጎ የእስያ ዘመድ አለ፣ ሎሪስ የሚባል፣ እሱም የሌሊት፣ እሱም ባለ ትልቅ ዓይን። ክንዱ ላይ ካለ እጢ የሚወጣውን ነገር ከምራቁ ጋር ሲቀላቅለው ንክሻው መርዛማ ይሆናል። ኢንዶኔዥያ ገበያ ላይ ነጋዴዎቹ ገዢ እንዳይነከስ ብለው ጥርሱን በጥፍር መቁረጫ ነው የሚቀነጥሱት፣ ያለ ማደንዘዣ። ብዙዎቹ በቁስሉ ይሞታሉ፤ የተረፉትን አዳኞች ቢያገኟቸውም ጫካ ሊመልሷቸው አይችሉም፣ ዕድሜ ልካቸውን ቀላቢ ይፈልጋሉ።

እሱን ገበያ ደግሞ ማን አሞቀው ብትዪ፣ ቪዲዮ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 አካባቢ አንዲት ሎሪስ ብብቷን ስትኮረኮር እጇን ወደ ላይ ዘርግታ የሚያሳይ ቪዲዮ ዓለምን አዳረሰ። ሰው "ደስ ብሏት ነው" አለ። እጅ ማንሳት ግን ሎሪስ ሲፈራ የሚያደርገው ነው፣ የመርዙ እጢ ክንዱ ላይ ነዋ! የሎሪስ ዓለም አቀፍ ንግድ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀድሞ፣ በ2007፣ በጥብቅ ተከልክሎ ነበር። ክልከላው ወረቀት ላይ እያለ ፍላጎቱ ስልክ ላይ አደገ። ስለዚህ ልጆችሽ የቀረጹት ካለ ቲክቶክ ላይ አይጫን፤ የተጫነም ካለ ይውረድ። "ስንት ነው? የት ይገኛል?" የሚለው ኮሜንት እስኪመጣ አንድ ሰዓት አይፈጅም።

ባለቤትሽ ያሰበው መልካም ነው፣ ቦታው ነው የተሳሳተው። መናገሻ ሱባ የማከብረው ደን ነው፤ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል፣ ጉሬዛው፣ የምኒልክ ድኩላው፣ ጽዱ፣ ኮሶው ሁሉም ያምራል። ግን የደጋ ደን ነው። ዝዋይ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር አይሞላም፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ይበልጣል፣ ደኑ ያለበት ወጨጫ ተራራ ላይ ስትወጪ ደግሞ ከ3,000 ይዘላል። የኅዳርንና የታኅሣሥን ውርጭ ፉሪ ሆነሽ ታውቂዋለሽ። አምስት ቀን ወተት ሲጠጣ የሰነበተ፣ የግራር ሙጫ የለመደ፣ የት ጉድጓድ ገብቶ እንደሚተኛ የማያውቅ ሩብ ኪሎ እንስሳ እዚያ ብትለቂው፣ ገደልሽው እንጂ ነጻ አላወጣሽውም። እንጦጦም ያው ነው። ከሰው ጋር የዋለ እንስሳ ለደኑ እንስሳትም በሽታ ይዞ ሊገባ ይችላል። ደግሞ ጋላጎ ብቸኛ ይመስላል እንጂ አይደለም፤ ማታ ማታ ለየብቻው ምግብ ፍለጋ ይወጣል፣ ቀን ግን ዘመዳሞቹ የዛፍ ጉድጓድ ውስጥ ተቃቅፈው ነው የሚተኙት። ቀን ቀን ኩርምት ብሎ የምታዪው ለዚህ ይመስለኛል፣ የሚያቅፈው አጥቶ።

ታዲያ እስክታስረክቢው ድረስ ምን ይሁን? ሞቅ ያለ፣ ጨለማና ጸጥታ ያለበት ቦታ። ካርቶኑ ይበቃል፣ ጎኑን በብዙ ቦታ ብሺውና ውስጡ አሮጌ ፎጣ ወይም ነጠላ ጣል አድርጊበት። በሃይላንድ ለብ ያለ ውሃ ሞልተሽ በጨርቅ ጠቅልይና በአንድ ጎን አስተኚው። በአንድ ጎን ብቻ፤ ከሞቀው እንዲሸሽ። ወተቱን አቁሚ፣ የላም ወተት ያስቀምጠዋል፣ እንዲህ ያለች ትንሽ ሰውነት ደግሞ ተቅማጥን ብዙ አትችልም። ንጹሕ ውሃ በትንሽ ክዳን አድርጊለት። ማታ ፀሐይ ከገባች በኋላ ፌንጣ ከተገኘ ፌንጣ ስጪው (ልጆቹን ላኪያቸው፣ የመስክ ሥራ ይሁንላቸው፣ ብቻ መድኃኒት ከተረጨበት ማሳ አይሁን)፣ ካልተገኘ የተቀቀለ እንቁላል ቁራጭ፣ ከበሰለ ፓፓያ ወይም ሙዝ የአውራ ጣት ጥፍር ታህል። ብስኩት፣ ዳቦ፣ ስኳር የለም። የግራር ሙጫ ዕጣን ከሚሸጡት ዘንድ ይገኛል፤ ትንሽ በሞቀ ውሃ አሟሚና በእንጨት ጫፍ ቀቢለት። ዕጣኑንና ከርቤውን ግን አደራ እንዳትሰጪው፣ የምልሽ ግራሩን ነው። ሙጫው ውስጥ ካልሲየም አለ። ዱር ውስጥ አጥንቱን ያቆመለት እሱ ነው፣ በሙዝ ብቻ የሚያድር ጋላጎ አጥንቱ ይለሰልሳል።

ልጆቹ አይንኩት። መብራት አታብሩበት፣ ዓይኑ የተሠራው ለጨረቃ ብርሃን ነው። ቤት ውስጥ ከንፈሩ ላይ ምች የወጣበት ወይም ጉንፋን የያዘው ሰው ካለ ጭራሽ አይጠጋው፤ እኛን ሁለት ቀን የሚያስነጥስ ነገር እነዚህን ሊጨርስ ይችላል። ካርቶኑን የነካ ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ። እነሱም ለእኛ የሚሰጡት የሆድ ትል አያጡም።

የት ላስረክብ ካልሽ፣ ባለቤቱ መንግሥት ነው። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ከወጣ ቆይቷል፣ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መያዝም መሸጥም ወንጀል ነው። ፕራይሜት የሚባሉት፣ ጦጣና ዝንጀሮ ከነዘመዶቻቸው በሙሉ፣ ከጎሪላ እስከ ጋላጎ፣ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1989 በገባችበት ዓለም አቀፍ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት ዝርዝር ውስጥ አሉ። ስለዚህ መጀመሪያ አዲስ አበባ ላለው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው የምታሳውቂው። ከአዲስ አበባ ወደ ሆለታ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ቦርን ፍሪ የሚባል የእንስሳት በጎ አድራጎት ድርጅት ከባለሥልጣኑ ጋር ሆኖ የሚያሠራው እንስሳ ኮቴ የሚባል ማዕከል አለ። አንበሳው፣ አቦሸማኔው፣ ጦጣው፣ ከሰው እጅ የተረፈው ሁሉ የሚያርፍበት ነው። እዚያ ይድረስ አይድረስ የሚወስነው ባለሥልጣኑ ነው፣ አንቺ በራስሽ አሸክመሽው እንዳትሄጂ።

"ያስሩኛል?" የሚለውን አልጻፍሽውም፣ ግን በጥያቄሽ መሃል ሰምቼዋለሁ። ዋስ ልሆንሽ አልችልም፣ ሕግ ሕግ ነው። ግን በሥራዬ ያየሁትን ልንገርሽ። በራሱ ፈቃድ "ይኸው፣ ሳላውቅ ነው" ብሎ ያስረከበ ሰው አመስግነው ሲሸኙት ነው ያየሁት። ደብቆ አቆይቶ ሲያዝ ነው ጣጣው።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄሽ። አዝነን መግዛታችን ጥፋት ነው ወይ? ነው። ክፉ ሰዎች ናችሁ እያልኩ አይደለም፣ ግን ነው። የሸጠው ልጅ ያየው አንድ ነገር ነው፦ አይሱዙ ቆመ፣ ሹፌር ወረደ፣ ብር ሰጠ። ያዘነ ይሁን የሚነግድ ለልጁ ምን ልዩነት አለው? በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ይዞ ይቆማል። አንድ አዳንን ስንል ሁለት አዘዝን። ትክክለኛው ነገር ሳይገዙ ማለፍ፣ የቦታውን ስም መያዝና ለባለሥልጣኑ ወይም እዚያው ላለ ፖሊስ መናገር ነበር። ይህን ማድረግ ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። እኔም አንዴ ወጣት ሳለሁ ገዝቼ አውቃለሁ፣ የገዛሁትን ባልነግርሽ ይሻላል።

ልጁ ግን ከየት አገኘው? ጋላጎን እንኳን ሕፃን አዋቂ ሮጦ አይዘውም። ይህን የተረዳሁት ከዓመታት በፊት አንድ ማታ ነው። አንድ ሰው በፓስታ ካርቶን አንዲት ግልገል አመጣልኝ። ስታየኝ ጆሮዋን እንደ ማራገቢያ አጠፈችው፣ አንዱን ብቻ፣ ሌላው እንደቆመ። ከስልኬ ታንሳለች። አመድማ መሆን የነበረበት ጸጉሯ ጥቁር ነበር፣ መልኳ መስሎኝ "ይሄ ምን ዓይነት ነው?" ብዬ ተገረምኩ። በእርጥብ ጥጥ ሳብሳት ጥጡ ጠቆረ። ከሰል ነበር። የመጣችው የከሰል ማዳበሪያ ላይ ተቀምጣ ነው። በአራተኛው ቀን ሞተችብኝ። ያመጣልኝን ሰው በኋላ ቁጭ አድርጌ ስጠይቀው ነገሩ ሁሉ ቀላል ሆኖ ተገኘ፦ ግራሩ ለከሰል ሲቆረጥ ቀን ነው፣ ቀን ደግሞ እነሱ ግንዱ ውስጥ ተኝተዋል። ዛፉ ሲወድቅ ትልልቆቹ ዘለው ይጠፋሉ፣ ወይም ውሻ ይበላቸዋል። እናቲቱ ግልገሏን በአፏ ይዛ የምታሸሽበት ጊዜ አታገኝም። የቀረውን ግልገል አንድ የሰፈር ልጅ ያነሳዋል። ከሰሉን ሊጭን የመጣው ሹፌር ያየዋል። ግንዱና ነዋሪው በአንድ መኪና፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ መንገድ አዲስ አበባ ይገባሉ።

የአብጃታ ሻላ ፓርክን ግራር ያየ ሰው የሆነውን ያውቃል። ፓርክ ነው፣ ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ግራሩ ግን ብዙው ከሰል ሆኖ አልቋል። ጋላጎ በዓለም ደረጃ "ለጊዜው አያሰጋም" ከሚባሉት ነው፣ አገሩ ሰፊ ስለሆነ። ያ ማለት ግን ዝዋይና ላንጋኖ ዳር ያለው ደህና ነው ማለት አይደለም። ባለ ጉድጓዱ ያረጀ ግራር በችግኝ ተከላ በሦስት ክረምት አይተካም።

ከሰል አቁሙ ልልሽ አይደለም፣ እኔም ቤት ቡና የሚፈላው በከሰል ነው፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ወጡም። ግን ጉሊት ሄደሽ ሻጯ "የግራር ነው፣ ቶሎ አያልቅም" ስትልሽ፣ ያ "ቶሎ አያልቅም" የማን ቤት እንደሆነ አሁን ታውቂያለሽ። የባህር ዛፍ ከሰል ቶሎ ያልቃል፣ እውነት ነው፣ ግን ተተክሎ የሚቆረጥ፣ ከጉቶው እንደገና የሚያቆጠቁጥ ነው። ላቀች የሚባለውን የሸክላ ምድጃ ከያዝሽ ደግሞ ከቆርቆሮው ምድጃ ሲነጻጸር የከሰሉን ሩብ ያህል ይቆጥብልሻል። ይህን የምልሽ ከጋላጎሽ ጋር ስለማይገናኝ ሳይሆን ስለሚገናኝ ነው።

አንድ የቀረ ነገር። ዛሬ ማታ የባለቤትሽን ወንድም ደውይለት። አትቆጪው፣ ከተቆጣሽው አይነግርሽም። የት ቆመ? ዝዋይን ካለፈ በኋላ ነው ከመድረሱ በፊት? ከመንገዱ በየትኛው በኩል? ልጆቹ ስንት ነበሩ፣ ሌላስ ይዘው ነበር? ከሰል እዚያው ጭኗል? የነገረሽን ሁሉ ወረቀት ላይ ጻፊና ካርቶኑ ላይ በፕላስተር ለጥፊው። ይህ እንስሳ አገግሞ ወደ ዱር የሚመለስ ከሆነ የሚለቀቀው ወደ መጣበት ግራር ነው፣ የመጣበትን ደግሞ ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ብትጠይቂው "እዚያ ቆላው ጋ" ነው የሚልሽ።